ከፕሮግራም ውስጥ የይለፍ ቃል ማረጋገጥ፦ በአይቢኤም አይ ላይ የትኛው መንገድ ለየትኛው ሥራ?

ገንዘብ ያዥዋ ከተፈቀደላት መጠን በላይ የሆነ ክፍያ ልታወጣ ነው። ተቆጣጣሪዋ ትጠራለች፤ ገንዘብ ያዥዋ ከተርሚናሉ ሳትወጣ ተቆጣጣሪዋ በዚያው ማያ ላይ የራሷን ስምና የይለፍ ቃል ታስገባለች። ፕሮግራሙ በዚያች ቅጽበት ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህች ሴት በእርግጥ ተቆጣጣሪዋ ናት? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መልስ የሚሰጡ በርካታ መንገዶች አሉ፤ የተሳሳተውን የመረጠ ፕሮግራም ወይ በሩን ለማንም ይከፍታል፣ ወይ ደግሞ ሠራተኛውን ሁሉ ከሥራ ያስቀራል። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ።

የምንነጋገረው ስለ አይቢኤም አይ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ኤኤስ/400 ተብሎ ወጥቶ፣ አይሲሪስና ሲስተም አይ እየተባለ ቆይቶ፣ ከ2008 ወዲህ በዚህ ስም ስለሚታወቀው ሥርዓተ ክወና። በዚህ ማሽን ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ ስሙና ሥልጣኑ የተመዘገበበት የተጠቃሚ ፕሮፋይል አለው፤ የይለፍ ቃሉም ወደ ኋላ ሊፈታ በማይችል መልክ ተቀይሮ ይቀመጣል። የደህንነት ኃላፊውም ቢሆን የሠራተኛን የይለፍ ቃል አውጥቶ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ፕሮግራማችን ቃሉን አምጥቶ ከማወዳደር ይልቅ ሥርዓቱን ይጠይቃል፦ «ይህ ስምና ይህ ቃል ይገጥማሉ?» አማራጮቹ የሚለያዩት በአጠያየቁና ጥያቄው በሚያስከትለው ነገር ነው።

በመጀመሪያ መመዘኛዎቹ

ከሁሉ የሚቀድመው የይለፍ ቃሉ የማን እንደሆነ መለየት ነው። ፕሮፋይል ያለው ሠራተኛ ነው ወይስ ከኢንተርኔት የሚገባ ደንበኛ? ይህን ሳይለዩ ወደ ኮድ የሚሄዱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውዥንብር የሚመነጨውም ከዚህ ይመስለኛል።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ ስህተት ሲደጋገም ምን ይከተላል የሚለው ነው። አንዳንዱ መንገድ የተሳሳተ ሙከራን ቆጥሮ ፕሮፋይሉን ያግዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሚሊዮን ጊዜ ቢሞከርም ዝም ይላል። ሁለቱም እንደ ቦታው ጥሩም መጥፎም ናቸው።

ሦስተኛው መመዘኛ የይለፍ ቃሉ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ናቸው፦ ማያው፣ የፕሮግራሙ ማህደረ ትውስታ፣ የሥራው መዝገብ (ጆብ ሎግ)፣ የኔትወርክ መስመሩ። አራተኛው ድርጅቱ ነገ የይለፍ ቃል ደረጃውን (የቃሉን ርዝመትና የፊደል አለያየት የሚወስነውን የሥርዓቱን ቅንብር) ከፍ ቢያደርግ ፕሮግራሙ ይሰበር እንደሆነ ነው። የመጨረሻው ወጪ ነው። እዚህ ላይ መልካም ዜና አለ፤ ከዚህ በታች የማነሳቸው መሣሪያዎች ከሥርዓተ ክወናው ጋር የሚመጡ ወይም በነፃ የሚገኙ ስለሆኑ የምትከፍሉት በሠራተኛ ጊዜ ነው።

«ቼክ ፓስወርድ» ትእዛዝ

በሲኤል (የማሽኑ የትእዛዝ ቋንቋ) ፕሮግራም ውስጥ በአንድ መስመር የሚጻፍ ትእዛዝ ነው። የሚያረጋግጠው ግን በዚያው ሥራ ውስጥ የገባውን ሰው የይለፍ ቃል ብቻ ነው፤ ሌላ ስም አይቀበልም። ስለዚህ ለገንዘብ ያዥዋና ለተቆጣጣሪዋ ጉዳይ አይሆንም።

የሚያገለግለው ለሌላ ጉዳይ ነው። ሠራተኛው ተርሚናሉን ከፍቶ ወደ ምሳ ሄዷል እንበል። ፕሮግራሙ የደመወዝ ማያውን ከመክፈቱ በፊት «የይለፍ ቃልህን እንደገና አስገባ» ቢል፣ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ባለቤቱ መሆኑን ያረጋግጣል። የተሳሳተ ሙከራ ይቆጠራል፤ ስንት ሙከራ እንደቀረም መልእክት ይመጣል። ትእዛዙ የይለፍ ቃሉን በሥራ መዝገቡ ላይ በግልጽ አያወጣም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጉዳያችሁ ይህ ብቻ ከሆነ ከዚህ አልፋችሁ አትድከሙ።

«ጌት ፕሮፋይል ሃንድል» ኤፒአይ

ሰዎች «ከአርፒጂ ፕሮግራም ውስጥ የይለፍ ቃል እንዴት ላረጋግጥ?» ሲሉ (አርፒጂ በዚህ ማሽን ላይ የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው) አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ይህን ኤፒአይ፣ ማለትም ፕሮግራም የሥርዓቱን አገልግሎት የሚጠራበትን መንገድ፣ ነው። ስምና የይለፍ ቃል ይቀበላል፤ ሁለቱ ከገጠሙ ፕሮግራሙ በዚያ ሰው ማንነት እንዲሠራ የሚያስችል 12 ባይት የሆነ መለያ (ሃንድል) ይመልሳል፤ ካልገጠሙ የስህተት መልእክት ይልካል። የሌላ ሰው የይለፍ ቃል በማያ ላይ ተቀብሎ ለማረጋገጥ ትክክለኛው መሣሪያ ነው። የማንኛውንም ሠራተኛ ፕሮፋይል ይመለከታል፤ ትክክለኛው የይለፍ ቃል ከተሰጠው ጠሪው ፕሮግራም የተለየ ሥልጣን አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ጥፋት የሚበዛው እዚህ ነውና።

መጀመሪያ ስለ ቆጠራው። ኤፒአዩ የተሳሳተን ሙከራ እንደ መግቢያ ማያው ሁሉ በፕሮፋይሉ ላይ ይቆጥራል። ገደቡን የሚወስነው «ማክስ ሳይን» የሚባለው የሲስተም ዋጋ ነው፤ በብዙ ቦታ 3 ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ገደቡ ሲደርስ ፕሮፋይሉ እንዲታገድ ከተወሰነ፣ ሰውየው ከእናንተ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ከማሽኑ ሁሉ ይታገዳል። አንድ ጊዜ በሠራሁበት ድርጅት ውስጥ አንድ ፕሮግራመር ኤፒአዩ ስህተት ሲመልስ «ምናልባት ጊዜያዊ ችግር ይሆናል» ብሎ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ የሚሞክር ዙር ጽፎ ነበር። ተቆጣጣሪዋ አንድ ፊደል በተሳሳተች ቁጥር ፕሮግራሙ ያንኑ ስህተት ሦስት ጊዜ አስመዘገበባት። የወር መዝጊያ ቀን ላይ ታግዳ፣ ወረፋው ደጅ ድረስ ወጥቶ፣ እርሷ ራሷ «ምን አጠፋሁ?» እያለች ስታለቅስ ያየሁት ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም። ይህን ኤፒአይ በፍጹም በዙር ውስጥ አታስገቡት። አንድ ግቤት፣ አንድ ጥሪ።

ሁለተኛው ጉዳይ በይለፍ ቃሉ ቦታ የሚገቡት ልዩ ዋጋዎች ናቸው። ኤፒአዩ ከኮከብ ምልክት የሚጀምሩ «ኖ ፓስወርድ» እና «ኖ ፓስወርድ ቼክ»ን የመሳሰሉ ቃላትን ይቀበላል፤ ትርጉማቸው «የይለፍ ቃሉን ሳታረጋግጥ መለያውን ስጠኝ» ነው። የሚሠሩት ጠሪው በተፈለገው ፕሮፋይል ላይ ሥልጣን ሲኖረው ነው። ብዙ የመተግበሪያ ፕሮግራሞች ደግሞ የባለቤታቸውን ከፍተኛ ሥልጣን ተውሰው ይሠራሉ። ሁለቱን አገናኙ፦ ሥልጣን የተዋሰ ፕሮግራም ተጠቃሚው የጻፈውን ሳይመረምር ለኤፒአዩ ካስተላለፈ፣ ያንን ልዩ ቃል የሚያውቅ ሰው በይለፍ ቃሉ ቦታ ጽፎ የሌላ ሰው ማንነት ሊያገኝ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከጥሪው በፊት ግቤቱን መርምሩና ልዩ ዋጋዎቹን ውድቅ አድርጉ። የሚያረጋግጠውን ክፍልም ለብቻው፣ ሥልጣን ሳይዋስ እንዲሠራ አድርጋችሁ ጻፉ። ሁለቱንም አድርጉ፤ አንዱ ይበቃል አትበሉ።

ሦስተኛው የይለፍ ቃል ደረጃ ነው። በደረጃ 0 እና 1 የይለፍ ቃል ቢበዛ 10 ፊደል ነው፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም። ከደረጃ 2 ጀምሮ እስከ 128 ፊደል ይደርሳል፤ ትልቅና ትንሽ ፊደልም ይለያያል። በሥርዓተ ክወናው 7.5 እትም፣ በ2022፣ ደረጃ 4 ተጨምሯል። የድሮ ፕሮግራሞች ግቤቱን ወደ ትልቅ ፊደል ቀይረው በ10 ፊደል መስክ ያስተላልፋሉ። ድርጅቱ ደረጃውን ከፍ ባደረገ ማግስት እነዚህ ፕሮግራሞች ትክክለኛውን የይለፍ ቃል «ስህተት» ይላሉ፤ በላዩም ፕሮፋይሎችን ያግዳሉ። አዲስ ስትጽፉ የማያውን መስክ 128 አድርጉት፤ የይለፍ ቃሉን ርዝመትና የፊደል ኮዱን (ሲሲኤስአይዲ) የሚቀበሉትን ተጨማሪ መለኪያዎች ተጠቀሙ፤ ወደ ትልቅ ፊደል መቀየሩንም ደረጃው 0 ወይም 1 ሲሆን ብቻ አድርጉት። የፊደል ኮዱን ነገር ትንሽ ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ይህ ማሽን ኤብሲዲክ በተባለ የፊደል ኮድ የሚሠራ በመሆኑ አንዱ ባይት በአሜሪካው ሠንጠረዥ የኢሜይል ምልክት፣ በጀርመኑ ሠንጠረዥ የአንቀጽ ምልክት ይሆናል።

አራተኛው መልእክቶቹን መለየት ነው። ሲፒኤፍ 22ኢ2 የይለፍ ቃሉ ስህተት መሆኑን፣ 22ኢ3 ፕሮፋይሉ መታገዱን፣ 22ኢ4 የይለፍ ቃሉ ጊዜ ማለፉን፣ 2204 ደግሞ እንዲህ ያለ ተጠቃሚ አለመኖሩን ይነግራል። በውስጥ መዝገባችሁ ለይታችሁ ጻፏቸው። ለሰውየው ግን «ስም ወይም የይለፍ ቃል ትክክል አይደለም» የሚል አንድ መልስ ስጡ፤ አለበለዚያ ማን ፕሮፋይል እንዳለው ለሚያጠና ሰው ዝርዝሩን በእጁ ትሰጡታላችሁ። ጊዜው ያለፈበትን ግን ወደ መቀየሪያው ምሩት።

መለያውን ካገኛችሁ በኋላ መልቀቅም አትርሱ። ከጠዋት እስከ ማታ በሚሠራ ሥራ ውስጥ ያልተለቀቁ መለያዎች ተጠራቅመው ቦታው ይሞላና ኤፒአዩ መለያ መስጠት ያቆማል። ማንነት መቀየር ካላስፈለጋችሁ፣ ማረጋገጥ ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ መለያው በተገኘባት ቅጽበት መልቀቂያውን ኤፒአይ ጥሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ኤፒአይ ከሲኤል በጥሪ ትእዛዝ የምትጠሩ ከሆነ፣ የሲኤል ትእዛዞች በሥራ መዝገብ እንዲጻፉ የሚያደርገው ቅንብር ከተከፈተ መለኪያዎቹ ከነይለፍ ቃሉ በመዝገቡ ላይ ይወጣሉ። ከአርፒጂ ውስጥ መጥራቱ የተሻለ የሆነው ለዚህ ነው። ሥራው እንዳለቀም ተለዋዋጩን በባዶ ሸፍኑት።

«ቫሊዴሽን ሊስት»

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «ደንበኛ» ከሆነ፣ ማለትም የማሽኑ ፕሮፋይል የሌለው ሰው ከሆነ፣ ከሥርዓተ ክወናው ጋር የሚመጣ ሳይነገርለት የቀረ መሣሪያ አለ። ቫሊዴሽን ሊስት ራሱን የቻለ የሥርዓቱ ዕቃ ነው፤ በአንድ ትእዛዝ ይፈጠራል። እያንዳንዱ መዝገብ እስከ 100 ባይት የደንበኛ መለያ (ስሙን የመሰለ)፣ እስከ 600 ባይት የሚመሰጠር መረጃ፣ እስከ 1,000 ባይት ግልጽ መረጃ ይይዛል። መጨመሪያ፣ መፈለጊያና ማረጋገጫ ኤፒአዮች አሉት። የድረ ገጽ (ኤችቲቲፒ) ሰርቨሩም የኢንተርኔት ተጠቃሚዎችን ለማረጋገጥ ይጠቀምበታል።

መዝገብ ስትጨምሩ የተመሰጠረው መረጃ ለማረጋገጥ ብቻ እንዲያገለግል አድርጋችሁ አስቀምጡት። ተመልሶ እንዲነበብ የሚፈቅድ አማራጭም አለ፤ ለደንበኛ የይለፍ ቃል ግን ምክንያት የለውም።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። የተሳሳተ ሙከራን ቆጥሮ የሚያግድ የለም፤ የይለፍ ቃል ጊዜ ገደብም፣ የርዝመት ደንብም የለውም። እነዚህን በራሳችሁ ሠንጠረዥ መሥራት አለባችሁ። ሆኖም ይኸው ጉድለት ለኢንተርኔት ገጽ መከላከያም ይሆናል። የሠራተኛ ፕሮፋይልን የሚያረጋግጥ ገጽ ለውጭ ዓለም ከከፈታችሁ፣ የሠራተኞቻችሁን ስም የሚያውቅ ማንኛውም ክፉ ሰው ሆን ብሎ እየተሳሳተ ሁሉንም ሊያሳግድባችሁ ይችላል። የደንበኛ ዝርዝር ተለይቶ ሲቀመጥ የውጭው ጥቃት ወደ ውስጡ ሥራ አይሻገርም።

የራስ ሠንጠረዥ

በዳታቤዝ ሠንጠረዥ ውስጥ ስምና የይለፍ ቃል ማስቀመጥ ሁሉም የሚያስበው የመጀመሪያ መንገድ ነው፤ እኔ ግን በመጨረሻ የምመክረው ነው። ሠራተኛው ፕሮፋይል እያለው ሁለተኛ የይለፍ ቃል በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ትርፉ ድካም ነው፤ ሰውየው አንዱን ይረሳዋል ወይም ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ሁለቱን አንድ ካደረገ ደግሞ ሥርዓቱ አጥብቆ የሚጠብቀው ቃል በእናንተ ደካማ ሠንጠረዥ በኩል ይወጣል።

ግድ ከሆነባችሁ፣ ለምሳሌ ተመሳሳይ ዝርዝር በሌላ ማሽንም ላይ መሥራት ካለበት፣ በአንድ ዙር የሚሰላ ሀሽ (ቃሉን ወደ ኋላ በማይፈታ መልክ የሚቀይር ስሌት) አይበቃም። ኤስኤችኤ-256 የተሠራው ለፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱ የሚጠቅመው ለገማቹ ነው። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለየ የዘፈቀደ ተጨማሪ (ሶልት) ያለው፣ ሆን ተብሎ የዘገየ ስሌት ያስፈልጋል፤ ፒቢኬዲኤፍ2 አንዱ ነው። አይቢኤም ራሱ የደረጃ 4ን የይለፍ ቃሎች የሚያስቀምጠው በፒቢኬዲኤፍ2 እና በኤስኤችኤ-512 ነው። ሠሪው ለራሱ የመረጠውን ጥንካሬ ለደንበኞቻችን መንፈግ ተገቢ አይመስለኝም።

ፕሮግራሙ ከማሽኑ ውጭ ሲሆን

የጃቫ መተግበሪያ በሌላ ሰርቨር ላይ ሆኖ የአይቢኤም አይ ተጠቃሚን ማረጋገጥ ሲፈልግ፣ ጄቲኦፕን የተባለው ክፍት ኮድ ያለው ስብስብ ሥራውን በጥቂት መስመር ይጨርሳል። ጥያቄው በበር ቁጥር 8476፣ በምስጠራ ሲሆን በ9476 ወደ መግቢያ ሰርቨሩ ይሄዳል። የይለፍ ቃሉ እንዳለ አይላክም፤ ሁለቱ ወገኖች የዘፈቀደ ቁጥር ይለዋወጡና ከዚያ የተሰላ ምትክ ነው የሚያልፈው። ቢሆንም 9476ን ተጠቀሙ። ስህተት ሲያጋጥም ስብስቡ ለተጠቃሚው መስኮት ልክፈት ስለሚል፣ ሰርቨር ላይ ሲሠራ ይህን ባሕርይ መዝጋት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ፕሮግራሙ ማንም የማያየው መስኮት ላይ ቆሞ ይቀራል። የሙከራ ቆጠራውና እገዳው እዚህም ይሠራል።

ጃቫ ያልሆነ ፕሮግራም የማሽኑን የኤልዳፕ ማውጫ ሰርቨር (የተጠቃሚዎችን ዝርዝር በኔትወርክ የሚያቀርበውን) መጠየቅ ይችላል፤ ፕሮፋይሎቹ በማውጫው በኩል ይታያሉ። ልዩነቱን ግን አስተውሉ፤ ቀላል በሚባለው የኤልዳፕ መግቢያ የይለፍ ቃሉ በግልጽ ያልፋል። ስለዚህ በር ቁጥር 389ን ትታችሁ በምስጠራ የሚሠራውን 636ን ብቻ ተጠቀሙ።

ድርጅቱ ዊንዶውስና አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የዊንዶውስ የተጠቃሚዎች ማውጫ) ካለው፣ ከርበሮስን፣ ማለትም አንድ ጊዜ የገባን ሰው በማዕከል በተሰጠው ማረጋገጫ የሚያሳውቀውን ሥርዓት፣ አስቡበት። እዚያ ፕሮግራሙ የይለፍ ቃል ጭራሹን አይቀበልም፤ ማዋቀሩ የኔትወርክ ባለሙያ ይፈልጋል።

በአጭሩ በሠንጠረዥ

| መንገድ | የማንን ያረጋግጣል | ስህተት ሲደጋገም | ዋናው ጥንቃቄ | ድካሙ |
|---|---|---|---|---|
| ቼክ ፓስወርድ | የገባውን ሰው ብቻ | ይቆጠራል፣ ይታገዳል | ለሌላ ሰው አይሠራም | በጣም ትንሽ |
| ጌት ፕሮፋይል ሃንድል | ማንኛውንም ፕሮፋይል | ይቆጠራል፣ ይታገዳል | ልዩ ዋጋዎች፣ የይለፍ ቃል ደረጃ፣ መለያ መልቀቅ | መካከለኛ |
| ቫሊዴሽን ሊስት | ፕሮፋይል የሌለውን ደንበኛ | ምንም አይሆንም | ቆጠራውን ራስ መሥራት | መካከለኛ |
| የራስ ሠንጠረዥ | የፈለጋችሁትን | ራሳችሁ እንደሠራችሁት | ደካማ ሀሽ | ከባድ |
| ጄቲኦፕን | ፕሮፋይል፣ ከውጭ | ይቆጠራል፣ ይታገዳል | ምስጠራ፣ መስኮቱን መዝጋት | ትንሽ |
| ኤልዳፕ | ፕሮፋይል፣ ከውጭ | እንደ ቅንብሩ ይፈተን | በግልጽ መተላለፉ | መካከለኛ |
| ከርበሮስ | የድርጅቱን ሠራተኛ | በማዕከሉ ደንብ | ማዋቀሩ | ከባድ |

ለየትኛው ሁኔታ የትኛው

አንድ ፕሮግራመር ብቻ ላለው ትንሽ ድርጅት፣ ሥራው ሁሉ በአረንጓዴ ማያ (በተርሚናሉ የጽሑፍ ማያ) ላይ ከሆነ፣ ቼክ ፓስወርድና ጌት ፕሮፋይል ሃንድል ይበቃሉ። ኤፒአዩን በአንድ አገልግሎት ፕሮግራም ውስጥ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ጻፉትና ሌሎቹ ሁሉ እርሱን ይጥሩ። በሃያ ቦታ የተገለበጠ ኮድ የደረጃ ለውጥ ሲመጣ ሃያ ቦታ ይሰበራል።

ለደንበኞች ገጽ የሚከፍት ድርጅት ቫሊዴሽን ሊስትን ይምረጥ፤ የሙከራ ቆጠራውንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሥራ። «በኋላ እንጨምረዋለን» የተባለ ቆጠራ ሲጨመር አይቼ አላውቅም።

ገንዘብና ባለሙያ ያለው፣ ብዙ ሰርቨሮች የሚያስተዳድር ድርጅት በከርበሮስ ቢጀምር በረጅሙ ያርፋል። ተቆጣጣሪዋ በሌላ ሰው ተርሚናል ላይ ለምትሰጠው ፈቃድ ግን ያኔም ጌት ፕሮፋይል ሃንድል ያስፈልጋል፤ ከርበሮስ የሚያውቀው በተርሚናሉ የገባችውን ገንዘብ ያዥ ነውና።

ወደ 7.6 እትም የተሻገራችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለባችሁ። በ2025 የወጣው ይህ እትም በየጊዜው የሚቀያየር የአንድ ጊዜ ቁጥርን የማረጋገጫው አካል አድርጓል። ቁጥሩ በተከፈተለት ፕሮፋይል ላይ ትክክለኛ የይለፍ ቃል ብቻውን ስለማይበቃ፣ ማያችሁ ለቁጥሩም መስክ ያስፈልገዋል።

ፕሮግራሙን ለሠራተኞች ከመስጠታችሁ በፊት ለሙከራ ብቻ የሚሆን ፕሮፋይል ፍጠሩና እነዚህን በእጃችሁ ሞክሩ፦ ትክክለኛ የይለፍ ቃል፣ የተሳሳተ፣ ጊዜው ያለፈበት፣ የታገደ ፕሮፋይል፣ የሌለ ስም፣ ባዶ ግቤት፣ ከኮከብ የሚጀምሩት ልዩ ዋጋዎች፣ ደረጃው ከፈቀደ ደግሞ ትንሽና ትልቅ ፊደል የተቀላቀለበት ረጅም ቃል። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ የፕሮፋይሉን የተሳሳተ ሙከራ ቁጥር ተመልከቱ፤ ለአንድ ስህተት የጨመረው አንድ ብቻ መሆን አለበት። የሥራ መዝገቡንም ከፍታችሁ የይለፍ ቃሉን ፈልጉ። በመጨረሻ የኦዲት ጆርናሉን (የደህንነት ክስተቶች የሚመዘገቡበትን) እዩ፤ የመግቢያ ስህተቶችን እንዲመዘግብ ከተቀናበረ፣ የተሳሳቱት ሙከራዎች «ፒደብልዩ» በሚል ዓይነት ተመዝግበው ማግኘት አለባችሁ።